የመንገድ ዳር የተዳቀለ አቮካዶ፦ ችግኙን ግዙ፣ ተከላውን ተዉት

ክረምት ሊገባ ሲል በመሐል አዲስ አበባ በድልድይ ጥግ፣ በወንዝ ዳርና በአጥር ሥር ችግኝ ይደረደራል። ጽጌረዳ፣ ጽድ፣ ጌሾ፣ ኮክ፣ ዘይቱን በጥቁር ፕላስቲክ ተሰልፈው ይቆማሉ። ከመካከላቸው ዋጋው ጠንከር የሚለው የተዳቀለው አቮካዶ ነው፤ ከዘር ከበቀለው አቮካዶ ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል። «እትዬ፣ ይሄ ሐስ ነው፤ ግራፍት የተደረገ። በሁለት ዓመቱ ይበላል» ይላል ሻጩ። ጥቂት ከተጨመረለት ዶማውን ይዞ ግቢ ድረስ ሄዶ ይተክላል፤ ፍግና ቀይ አፈርም በጆንያ ያመጣል።

እዚህ የምንመዝነው ሦስቱንም ነው፦ ችግኙን፣ በጆንያ የሚመጣውን አፈር፣ ተከላውን። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፣ ችግኙ በዓይን ተመርጦ ከተገዛ ዋጋውን ያወጣል። አፈሩ እንደ አመጣጡ ነው። ተከላው ግን በነጻ ቢሰጥም ለአብዛኛው የመሐል ከተማ ግቢ አይመከርም፤ በሁለተኛው ክረምት ገርጥቶ የሚደርቅ አቮካዶ አብዛኛውን ጊዜ የሞት ፍርዱ የተነበበበት የተተከለ ዕለት ነው።

ተጨማሪው ገንዘብ ለምን ይከፈላል?

«የተዳቀለ» የሚለው ስም ነገሩን በትክክል አይገልጸውም። ማዳቀል የሁለት ወላጆችን ዘር መቀላቀል ነው፤ እዚህ የተደረገው ግን የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ግንድ ላይ መቀጠል ነው። ገበያው ቃሉን ስለለመደው በዚያው እንሂድ። የታችኛው ግንድ ከማንኛውም የአገር አቮካዶ ፍሬ የበቀለ መሠረት ነው። የላይኛው ደግሞ ዝርያው ታውቆ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የተቆረጠ ቅጥያ ነው። ቅጥያው የእናት ዛፉን ዕድሜ ይዞ ስለሚመጣ የልጅነት ዘመኑን አይደግምም፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ከዘር የበቀለው 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ አፍርቶም ፍሬው እናቱን መምሰሉ በዕድል ነው።

የሻጩን «ሁለት ዓመት» ግን ቀንሳችሁ ስሙት። መሐል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ዛፉም በነዚያ ወራት እድገቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። በሲዳማ ወይም በወላይታ ሙቀት የሚቆጠር ዓመት እዚህ አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አበባ ቢያወጣና ፍሬ ቢይዝ እንኳ መልቀም ይሻላል፤ ያ ጉልበት ለሥርና ለቅርንጫፍ ይዋል።

ዝርያን በተመለከተ ገበያው ላይ የሚጠራው በብዛት ሐስ ነው፤ አልፎ አልፎ ፉኤርቴ፣ ኢቲንገር፣ ናባልና ፒንከርተን ይሰማል። ሐስ ሁሉ የአንዲት ዛፍ ቅጥያ ነው። ሩዶልፍ ሐስ የተባለ ካሊፎርኒያዊ ፖስተኛ ካበቀላት ዛፍ የመጣ ሲሆን፣ እሱም በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ያቺ እናት ዛፍ በመጨረሻ የደረቀችው በሥር አበስብስ በሽታ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ተቆረጠች። የበሽታውን ስም ያዙት፤ ወደ ተከላው ስንደርስ ይመለሳል።

ለመሐል ከተማ ከተጠሩት መካከል ሐስ ይቀድማል። ፉኤርቴ ብርድ ይችላል፤ ስሙም ይህንኑ ጥንካሬ የሚናገር የስፓኝ ቃል ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ብርድ መቻሉና አበባው በብርድ ፍሬ መያዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፉኤርቴ በቀዝቃዛ ቦታ አንድ ዓመት ሞልቶ ሌላ ዓመት ባዶ መሆን ይወዳል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። እነ ሐስና ፒንከርተን ሴት ሆነው የሚከፈቱት ጠዋት ነው፤ እነ ፉኤርቴና ኢቲንገር ከሰዓት በኋላ። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰፈር ሲገኙና ንብ ሲመላለስ ፍሬው ይበረክታል። በቀበና፣ በኡራኤልና በአራት ኪሎ ባሉ የቆዩ ግቢዎች ከዘር የበቀሉ ትላልቅ አቮካዶዎች ስለሚገኙ፣ አንድ ሐስ ብቻዋን ብትተከልም የጎረቤት ዛፍ ይረዳታል። ቦታ ካለ ግን ሁለተኛዋ ኢቲንገር ብትሆን ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፤ በፕላስቲክ ያለች ለጋ ችግኝ ሐስ ትሁን ፉኤርቴ በቅጠሏ አይቶ በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል። የምትገዙት የሻጩን ቃል ነው። «ከየት ነው የመጣው?» ሲባል የችግኝ ጣቢያውን ስም ሳያመነታ የሚጠራ ሻጭ ከማይጠራው ይመረጣል። ደረሰኝና ዋስትና አትጠብቁ።

እግረ መንገድ፣ እዚያው ጎን የሚሸጠውን የተዳቀለ ማንጎ እለፉት። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው፤ በዚህ ከፍታ ቅጠሉ ያምር ይሆናል እንጂ ለፍሬ ተብሎ ገንዘብ አይወጣበትም።

ከሰልፉ ውስጥ የትኛዋን?

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ረጅሟ ላይ ነው፤ ሻጩም ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ለእሷ ነው። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ሜትር ተኩል የደረሰች ችግኝ በዚያች ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይታለች። ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ግንዷ እርሳስ የሚያክል ወይም ትንሽ የሚወፍር፣ ከመጋጠሚያው በላይ ያሉት ቅጠሎቿ ጠንክረው ጥቁር አረንጓዴ የሆኑ ትመረጣለች። ጫፏ ላይ ለስላሳ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ያላትን ለሁለት ሳምንት እዚያው አቆዩልኝ ማለት ይሻላል፤ ለጋው በመኪና ሲጓዝና ፀሐይ ሲያገኘው ይጠወልጋል።

ቀጥሎ መጋጠሚያው ይታይ። ከአፈሩ ወደ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የሽብልቅ ወይም የሰያፍ ጠባሳ መኖር አለበት፤ ከጠባሳው በላይና በታች የልጡ ቀለም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ፕላስቲክ መጠቅለሉ ብቻ ማስረጃ አይደለም፤ ጠባሳ በሌለው ግንድ ላይም ፕላስቲክ መጠምጠም ይቻላል። «ልፍታው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የተያያዘ ችግኝ ቢፈታ አይጎዳም፤ እንዲያውም መፈታት አለበት። ሳይፈታ የቀረ ፕላስቲክ ግንዱ ሲወፍር አንገቱን አንቆ ይዞ ከላይ ያለውን ያቀጭጨዋል። ጠባሳው ላይ ስንጥቅ ከታየ ወይም ቅጥያው በጣት ገፋ ሲደረግ ከተወዛወዘ ተዉት። ከመጋጠሚያው በታች የበቀለ ቅርንጫፍ ካለም የመሠረቱ ነው፤ ግዢውን አያስቀርም፣ ግን ወዲያውኑ በጣት ይገንጠል። ካልተገነጠለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐስ የተባለው ሞቶ የምታጠጡት መሠረቱን ይሆናል።

ከዚያ ፕላስቲኩን አንሡት። ከምድር አልላቀቅ ካለ ሥሩ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት ይዟል ማለት ነው፤ ሲነቀል ዋናው ሥር እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። በቀላሉ ከተነሣ ከሥር ባለው ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ጫፉ ነጣ ያለ ወይም ቅቤ የመሰለ ሥር ጤነኛ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ሲነካ እንደ ደረቅ ክር የሚበጠስ ከሆነ ሥር አበስብስ ሊሆን ይችላል። አፈሩንም አሽትቱት። የኮመጠጠ ወይም የረጋ ጭቃ ሽታ ካለው ለሳምንታት በውሃ ተዘፍቆ ከርሟል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሻጩ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ በስጋ ቤት ሥጋ አገላብጦ የሚገዛ ሰው አቮካዶ አገላብጦ ቢገዛ ነውር የለውም።

ሥር አበስብስ የሚያመጣው ፊቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለ ተሐዋሲ ነው። በአፈር፣ በጫማ፣ በዶማና በሚፈስ ውሃ ይዛመታል፤ ርጥበት ባለበት አፈርም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ችግኞቹ በባዶ መሬት ላይ ተደርድረው ጎርፍ ከሥራቸው ከሚያልፍበት ቦታ ይልቅ፣ በጠጠር ወይም በጣውላ ላይ ከፍ ብለው ከተቀመጡበት መግዛት ይሻላል። ከወንዝ እየቀዱ የሚያጠጡም አሉ፤ ባልዲውንና ወንዙን ካያችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። መግዣ ዋጋ ላይ የሚያስቆጥብ ሳይሆን ግቢው ውስጥ በሽታ እንዳይገባ የሚያደርግ ምርጫ ነው፤ አንዴ ከገባ አፈሩን ማጽዳት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ቤት ከደረሰ በኋላ በዚያው ቀን አይተከልም። በጥላ መረብ ሥር የኖረ ችግኝ በቀጥታ ለአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ሲጋለጥ ቅጠሉ እንደ ተጠበሰ ይነጣል። ከ10 እስከ 14 ቀን በመጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን እያደረጉ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ስለ ጆንያው አፈር ብዙ የሚባል የለም። ቀይ አፈሩ ውሃ ያሳልፋል፤ ተከላው ላይ ለምንከምረው ጉብታም ይጠቅማል። ከማስጫናችሁ በፊት አንድ ጆንያ አስፈቱና እጃችሁን እስከ ክርን አስገቡ፤ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የብሎኬት ስባሪና ኖራ ካገኛችሁ የቤት ፍርስራሽ ነው። ኖራና ሲሚንቶ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚያጠፉት ዛፉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። ፍጉ በእጅ ሲጨበጥ የሚሞቅ ወይም የከብት ሽታው ያልጠፋ ከሆነ ገና ጥሬ ነው፤ ቢያንስ ለ3 ወር ተከምሮ ይቆይ።

ተከላው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሻጮቹ የሚተክሉበት መንገድ በየቦታው አንድ ነው። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 60 የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከሥሩ አንድ ጆንያ ፍግ ይገለበጣል። ችግኙ ገብቶ አፈር ይመለስና ዙሪያውን በቦቲ ጫማ ይረገጣል። በመጨረሻ ውሃ እንዲይዝ ተብሎ ዙሪያው እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ሥራው ሲያዩት ያምራል፤ ለባሕር ዛፍ ወይም ለጽድ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ውሃ ለሚያሳልፍ ቀይ አፈርም፣ ለምሳሌ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ዳገት፣ አቮካዶው ሊተርፍ ይችላል። ከካዛንቺስ ወደ ቦሌ እየወረድን ስንሄድ ግን አፈሩ እየጠቆረ ኮትቻ ይሆናል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። ከዚያም በላይ የመሐል ከተማ ግቢ ብዙው የተደለደለ ነው፤ ላዩ አንድ አካፋ አፈር፣ ሥሩ ፍርስራሽና የተጠቀጠቀ ጭቃ።

በእንዲህ ዓይነት መሬት 60 በ60 ጉድጓድ ማለት በርሜል መቅበር ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይገባል፣ መውጫ የለውም። የአቮካዶ ሥር ደግሞ ከብዙ ዛፎች ይለያል፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ በላይኛው የአፈር ንጣፍ የተከማቹ ናቸው፣ ፀጉር መሰል ሥርም የላቸውም ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ አየር ሲያጡ ቶሎ ይሞታሉ። ለጥቂት ቀናት በውሃ ከተዘፈቁ መሞት ይጀምራሉ፤ የሞተው ሥር ለፊቶፍቶራ ድግስ ነው። ፍጉ ነገሩን ያባብሰዋል። ከታች ሲብላላ የቀረውን አየር ይጠቀማል፣ ሙቀቱና ጨው መሰል ንጥረ ነገሩ ሥሩን ያቃጥላል። በስብሶ መጠኑ ሲቀንስ ደግሞ ችግኙ አብሮ ይሰምጣል። በሰኔ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የነበረው መጋጠሚያ በጥቅምት አፈር ውስጥ ይገኛል፤ ልጡም ይበሰብሳል። የእግር ርግጫው ያለችውን ትንሽ አየር ያስወጣል፤ ሳህኑ ደግሞ ጎርፉን ግንዱ ሥር ይሰበስባል። እያንዳንዱ ጥፋት ለብቻው ይታለፍ ይሆናል፤ አራቱ ተደምረው ግን አያሳልፉም።

ታዲያ እንዴት ይተከል? ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱን ፈትኑ። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት፤ ሲመጥ ማታ ላይ እንደገና ሙሉት። ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ አቮካዶው ከመሬት በታች መተከል የለበትም፤ ከመሬት በላይ በተከመረ የአፈር ጉብታ ላይ ይተከል። ጠፍቶ ከሆነም ዝቅ ያለ ጉብታ አይጎዳም።

ቦታው ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሴፕቲክ ታንክ ራቅ ያለ፣ ከቤት ግድግዳም ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚርቅ ይሁን። ቀን የሞቀ የብሎኬት አጥር ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ነፋስ የማያገኘው የግቢ ጥግ ከወንዝ አፋፍ ይልቅ ለኅዳር ብርድ ይሻላል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። የጣሪያው አሸንዳ የሚፈስበትን ቦታ ግን ፈጽሞ አትምረጡ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አቮካዶ ምንም ቢደረግለት አይተርፍም።

ጉብታው ከታች 1.5 ሜትር ስፋት፣ ከፍታው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አናቱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ጠፍጠፍ ይበል። ይህ ግማሽ ሜትር ኩብ አካባቢ አፈር ይፈልጋል፤ በትልቁ ጆንያ ከ10 እስከ 12። ከመከመሩ በፊት የመሬቱ ገጽ በዶማ ይሰንጠር፤ ካልተሰነጠረ ሥሩ ከጉብታው ወርዶ ጠንካራው ገጽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከአምስት እጅ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቢቀላቀል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉብታው ራሱ ይሰምጣል።

ፕላስቲኩ አይጎተትም፣ በምላጭ ይቀደዳል። በመጀመሪያ ከሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ጭምር ይቆረጥ፤ ተጠምዝዞ የተከማቸው ሥር እዚያ ነው። ከዚያ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰንጠቅ። አፈሩ ሳይፈርስ ጉብታው አናት ላይ በተዘጋጀው ቦታ ይቀመጥ፤ የችግኙ አፈር ከጉብታው ገጽ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፣ ኋላ ስለሚረጋ። ዙሪያው በእጅ ብቻ ይሞላ። እግር አይነካውም። የቀረውን ክፍተት ውሃ ይደፍነዋል፤ 10 ሊትር ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። አንድ ዘንግ ከጎን ተተክሎ በጨርቅ በላላ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይታሰር፤ ግንዱ ትንሽ እየተወዛወዘ ካላደገ አይጠነክርም።

ጉዝጓዙ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር፣ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍላጭ ይሁን፤ ከግንዱ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከእንጨት ቤት በነጻ የሚገኘው ሰጋቱራ በወፍራሙ ከተደረገ ይጠቀጠቅና ውሃ አያሳልፍም፤ ናይትሮጅንም ይሻማል፤ ሁለት ጣት ያህል ብቻ፣ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ። ግንዱን የውሃ ቀለም ነጩን ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጦ መቀባት የውበት ነገር አይደለም። ለጋ ልጥ በቀትር ፀሐይ ይቃጠላል፤ የተቃጠለበት ይሰነጠቅና በሽታ ይገባበታል። የዘይት ቀለም አይሁን።

ወቅቱስ? አገሩ ሁሉ የሚተክለው በሰኔና በሐምሌ ነው። ውሃ ለሚያሳልፍ ቀይ አፈር ይስማማል። ኮትቻ ላይ ግን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ይሻላል፤ ከባዱ ዝናብና በረዶው ያልፋል፣ መሬቱ ርጥብ ነው፣ ፀሐይም ትመለሳለች። ሻጮቹም በዚያ ጊዜ ገበያቸው ስለሚቀዘቅዝ ዋጋ ይቀንሳሉ።

ከተተከለ በኋላ

የመጀመሪያው በጋ ፈተናው ውሃ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ክረምት በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ሊትር፣ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር አካባቢ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ጥሩው ዘዴ የ20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ በቀጭን ሚስማር በስቶ ጉብታው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል፣ አፈሩንም አያጥብም። ከማጠጣት በፊት ጣት ይግባ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ርጥብ ከሆነ የዚያን ቀን ይለፍ።

ማዳበሪያ ከ3 ወር በፊት አይነካም። ከዚያ በኋላ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በየሁለት ወሩ፣ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ከግንዱ ርቆ በጉብታው ዙሪያ ተበትኖ ይጠጣ። እፍኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። በእፍኝ ዩሪያ ለጋ አቮካዶ ይቃጠላል።

ችግር ሲመጣ ቅጠሉ ይናገራል፣ ግን የተለያየ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ጫፉ ብቻ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ወይ ጥማት ነው ወይ የማዳበሪያ ብዛት። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ኖራ ወይም ሲሚንቶ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ፍርስራሹ ይለቀም፣ ብስባሽ ይጨመር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ላይ ነው። ቅጠሉ አንሶና ገርጥቶ፣ አፈሩ ርጥብ እያለ ዛፉ የጠማው መስሎ ይንጠለጠላል። ባለቤቱ ይጨነቅና ውሃ ይጨምራል። ሥሩ ስለ በሰበሰ ነው ውሃ መውሰድ ያቃተው፤ የተጨመረው ባልዲ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ማጠጣቱ ይቁም፣ ሳህኑ ይፍረስ፣ ውሃው ወደ ውጭ የሚፈስበት ቦይ ይቀደድ። ሻጩ በዚህ ጊዜ «መድኃኒት ርጩበት» ብሎ ማንኮዜብ ቢያመጣ አትክፈሉ፤ ቅጠል ላይ የተረጨ ማንኮዜብ ሥር አይደርስም።

አቮካዶ ዘወትር አረንጓዴ ነው ማለት ቅጠል አያረግፍም ማለት አይደለም። አበባ በሚይዝበት ወቅት አሮጌውን ቅጠል በብዛት ያወርዳል፣ ወዲያው አዲሱን ያወጣል። ያን አይቶ የሚደናገጥ አይጥፋ እንጂ ሕመም አይደለም። ከአበባውም ፍሬ የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ መሬቱ በአበባ ቢሸፈን ጤና ነው።

ፍሬው ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ መድረሱ የሚታወቀው በመቁረጥ ነው። አንዱን ከነትንሽ አንገቱ በመቀስ ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ፣ ሲሰነጠቅም የፍሬው ውስጥ ዘር ሽፋን ቡናማና ስስ ከሆነ ደርሷል። እንደ ላስቲክ ተሸብሽቦ ከቀረ ሌሎቹን አንድ ወር አቆዩ። በዚህ ብርድ ከአበባ እስከ መድረስ ከዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ዶማ ለመያዝ ጉልበት የሌለው ሰው ግን አለና፣ ተከላውን ለሻጩ መስጠት ግድ ከሆነ የሚከፈለው ለቁፋሮ ሳይሆን ለክምር ይሁን። አፈሩን ቀድሞ ያራግፍ፣ አጠገቡም ቁሙ። ዋጋው ከመቆረጡ በፊት እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ጉድጓድ አትቆፍርልኝ። መሬቱን ሰንጥረህ አፈሩን እስከ ጉልበትህ ከምር። ፍጉን በር ላይ ተወው። መጋጠሚያው አንድ ስንዝር በላይ ይቁም፤ በእግርህም አትርገጥ። ገንዘብህ ያው ነው።»